መሪ ያለበት ቅጂ

ትዕዛዙ ጎንደር ፒያሳ ውስጥ ሰዓትና ሬዲዮ ይጠግናል። ሱቁ ሱቅ ለመባል የምትበቃ አይደለችም፤ ከአንድ የጣሊያን ጊዜ ፎቅ ደረጃ ሥር የተሰነቀረች፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰው ብቻ የምትችል ጉሮኖ ናት። ሰዓት ይዞ የመጣ ደንበኛ ውጭ ቆሞ ነው የሚነጋገረው። ሰውዬው ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቸኩሎ አያውቅም፣ ችኩልም አይወድም። በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም ይማር ነበር፤ አባቱ ሲሞቱበት ትምህርቱን ትቶ መፍቻ ያዘ። ያኔ የያዘው ቀለም ግን ከደረቱ አልወጣም። ዛሬም እሑድ እሑድ ከምእመናኑ ጀርባ ቆሞ፣ ማንም ሳያየው፣ ከካህናቱ ጋር በከንፈሩ ብቻ ያዜማል።

ፒያኖን ያወቀው በሥራው በኩል ነው። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ሰው የካሴት ማጫወቻ ለጥገና ሰጥቶት ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ትዕዛዙ ሠርቶ ሲጨርስ ለሙከራ ብሎ ውስጡ የተረሳውን ካሴት አጫወተው። ዘፋኝ የለ፣ ከበሮ የለ፣ ክራር የለ። አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ አንድ መሣሪያ ይነካል። መጀመሪያ ሰውዬው የሆነ ነገር እየቆጠረ መሰለው። ሁለተኛ ሲሰማው የሚጸልይ መሰለው። ሦስተኛ ሲሰማው ምንም አልመሰለውም፤ መፍቻውን አስቀምጦ ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያስተምረው፣ ከሬዲዮም ከስልክም እየለቃቀመ፣ ፒያኖ ብቻውን የሚጫወትባቸውን ቅጂዎች ሲሰበስብ ኖሯል። ሚስቱ ስንዱ «ያንተ ጠብታ» ትለዋለች። የሚያፈስ ጣሪያ ነው የሚመስላት።

ዘንድሮ በጥቅምት ግራ ጆሮው ውስጥ ወፍጮ የሚመስል ድምፅ ገባ። ቀን ይፈጫል፣ ሲተኛ ይፈጫል። ቆይቶ ማዞር ተጨመረበት፤ አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ይዞ ቆመ። ስንዱ እጁን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ማዳመጫ አድርጋለት፣ ድምፅ በሰማህ ቁጥር እጅህን አንሣ አለችው። ትዕዛዙ ሐኪሟን ቅር እንዳያሰኛት ያልሰማው ላይም ጥቂት ጊዜ እጁን አነሣ። ይህን ነቅታበት ፈገግ ብላ እንደገና ጀመረች። በመጨረሻ ወረቀት ላይ የተጠማዘዘ መስመር አሳየችው። ሕመሙ የውስጥ ጆሮ ነው፤ መድኃኒቱ ያዘገየው ይሆናል እንጂ የሚያቆመው አይመስልም። ግራው ብዙ አይቆይም፣ ቀኙም ጀማምሮታል። የሚቀድመው ወፍራሙ ድምፅ ነው፣ ቀጭኑ ኋላ ይከተላል። ስንት ጊዜ አለኝ ብሎ ሲጠይቃት ወራት ልትል አፏን ከፍታ መልሳ እግዜር ያውቃል አለችው።

ትዕዛዙ መድኃኒቱንም ጠበሉንም ያዘ። ከዚያም እንደ ልማዱ ሳይቸኩል አሰበ። ዜማው አለልኝ አለ። ድፍን ብሎ ቢደነቁር እንኳ በልጅነቱ የያዘው አይጠፋበትም፤ ዓይነ ስውር የሆኑ ሊቃውንት መጽሐፉን በደረታቸው ይዘው እንደሚኖሩ ሁሉ እርሱም ይኖርበታል። የፒያኖውን ግን በደረቱ የያዘው አንድም የለም። ሁልጊዜ ቁልፍ ተጭኖ ነው የሚሰማው፤ ቁልፉን ሲያጠፋው አብሮ ይጠፋል። እንግዲያው ቢያንስ አንድ ቁራጭ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ መያዝ አለበት። ጆሮው ሳይዘጋ።

ቁራጩን ለመምረጥ አልተቸገረም። አንድ ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈው ጀርመናዊ የደረሰው፣ ዝግ ያለ፣ ማንንም የማያስቸኩል ነገር ነው። የተቸገረው በቅጂው ነው። አራት ሰዎች ተጫውተውታል፤ አራቱም አሉት።

አራቱን ያገኘችለት ሸምሲያ ናት፣ የጨርቅ ነጋዴው የሸሪፍ ልጅ። ከአባቷ ሱቅ ጎን ስልክ ትጠግናለች፣ ዘፈንና መንዙማ በፍላሽ ትጭናለች። ኢንተርኔት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር መጀመሪያ የምትፈልገው የትዕዛዙን ነው፤ እሱን ካልያዝኩ ሰውዬው ደጄ ላይ ይቆምብኛል ትላለች።

«አያ ትዕዛዙ፣ ሌላው ሰው አንድ ሺህ ዘፈን ጫኝልኝ ይለኛል። እርስዎ አንዱን አራት ጊዜ።»

«አንድ አይደሉም።»

«ስሙ አንድ፣ የደረሰው አንድ።»

«የተጻፈውስ? መጽሐፉም አንድ ነው?»

ስልኳን ነካክታ አየችለት። መጽሐፉም አንድ ነው። የአንዱ ከሌላው በአንዲት ምልክት እንኳ አይለይም።

«ታዲያ ይኼኛው በዘጠኝ ደቂቃ ጨርሶ ይኼኛው አሥራ ሦስት ደቂቃ የሚፈጅበት በምን ምክንያት ነው?»

«አንዱ ታክሲ ሊያመልጠው ይሆናላ። ምነው፣ ደስ ያለዎትን ይዘው ቢገላገሉስ?»

ትዕዛዙ ስለ ጆሮው አልነገራትም። አንድ ብቻ ነው መያዝ የምችለው፣ ሁለተኛ ለመጀመር ጊዜ የለኝም ማለት ከብዶት ፍላሹን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

የመጀመሪያው ፈጣን ነው፤ ጣቶቹ እንደ ሰዓት ጥርስ ይያያዛሉ፣ ትዕዛዙ ግን ሲጨርስ ምን እንደሰማ አያስታውስም። ሁለተኛው የታጠበ ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ እንደ ልብስ ለብቻው ተሰጥቶ ይሰማል። አራተኛው ከጥንት የተቀዳ ስለሆነ ይንሿሿል፣ ደግሞም የሚደገመውን ሳይደግም ያልፋል፤ ለትዕዛዙ ይህ ግድፈት ነው። ያስጨነቀው ሦስተኛው ነው። ሦስተኛውን ሲሰማ እጁ ሥራ ይፈታል። መጀመሪያ የሰማው ቀን አንዲት የሰዓት ብሎን ከወረንጦው አምልጣ ወድቃ እስካሁን አልተገኘችም። ነገር ግን በሦስተኛው ውስጥ፣ ከፒያኖው ሥር፣ የሰው ድምፅ አለ። ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ እንደ ንብ የሚል። ቃል የለውም። አንዳንዴ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ከጣቶቹ ይቀድማል።

የቤተ ክርስቲያን ልጅ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። በበዓል ቀን ቅኔ ሲቀርብ ከባለ ዜማው ጆሮ ሥር መሪ ይቆማል። መሪው ቃሉን በለሆሳስ ይነግረዋል፣ ተመሪው ከፍ አድርጎ ያዜመዋል። የመሪው ድምፅ ለሕዝቡ አይሰማም፤ ቅርብ የቆመ ግን ይሰማዋል። ቅኔ የዕለት ነውና በመሪ ቢባል አያሳፍርም። የተጻፈውንና ሲባል የኖረውን ዜማ በመሪ የሚል ግን ገና ያላጸና ነው። ስለዚህ ትዕዛዙ ሦስተኛው ተጫዋች ተማሪ ነው፣ መምህሩም ከጀርባው ቆሞ ይነግረዋል ብሎ አሰበ። ከተማሪ ደግሞ ማን ይማራል? ታዲያ ምነው እጄ ሥራ የሚፈታው በእርሱ ነው?

ግራ ሲገባው ወደ መሪጌታ ጎሹ ሄደ። ሁለቱ በአንድ የኔታ እግር ሥር ነበሩ፤ ጎሹ ዘልቆ መሪጌታ ሆነ፣ ትዕዛዙ መንገድ ላይ ቀረ። ጎሹ አሁን አዘዞ ነው። ትዕዛዙ በሚኒባስ ወርዶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘው። መጀመሪያ ስለ ጆሮው ነገረው። ጎሹ መስቀለኛ መቋሚያውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወረና እግዚአብሔር ይማርህ አለው። ከዚያ አምጣ እስቲ ብሎ ማዳመጫውን በጆሮው ሰካ። የክረምት ጠበል የፈሰሰበት ይመስል ፊቱን አጨማደደ።

አራቱንም እስከ መጨረሻቸው ሰማ። ሲያበቃ የጠየቀው እነዚህ ሰዎች የማን ደቀ መዝሙር እንደሆኑ ነው። ትዕዛዙ አላውቅም አለ። ከላይ ቤት ናቸው ከታች ቤት? ይህንም አያውቅም። በጎንደር አቋቋም ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት መንገዶች አሉ፤ ቃሉ ያው ነው፣ አረማመዱ ይለያል። የአንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው የዘለለ ሁለቱንም ያጣል፤ የኔታ ይህን በአርጩሜ ጭምር ነው ያስተማሯቸው።

«እንግዲህ የትኛውንም ያዝ፣ አትደባልቅ» አለ ጎሹ። «ይኼን ሦስተኛውን ግን ጣለው።»

«ምነው?»

«አትሰማም እንዴ? መሪ አለበት። ቀለሙ ያልጸናለት ተማሪ ነው።»

«እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ አዘዞ ድረስ ምን አመጣህ?»

ትዕዛዙን ያመጣውማ ሦስተኛው መጣፈጡ ነበር። ጣፈጠኝ ብሎ ለመሪጌታ መንገር ግን፣ የኔታ ፊት ቆሞ ዛሬ ቀለሙን ትቼ እንቅልፌን መረጥኩ እንደማለት ሆነበት። ሁለተኛውን እይዛለሁ አለ። ጎሹ ደግ አደረግህ ብሎ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘው።

ኅዳርን በሙሉ ሁለተኛውን ያዘ። እንደ ልጅነቱ ከፋፈለው፤ በቀን ግማሽ ደቂቃ። ጠዋት ይሰማል፣ ቀኑን ሙሉ በልቡ ይመላለስበታል፣ ማታ ይፈትሻል። ግን የዜማ ተማሪ አንድ ጉሮሮ ይዞ አንድ ዜማ ነው የሚከተለው። ይህ አሥር ጣት ነው። ከላይ ያለውን ሲይዝ የታችኛው ያመልጠዋል፣ የታችኛውን ሲይዝ መካከለኛው። እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ታጥቦ መሰጣቱ፣ መጀመሪያ ያስደሰተው ነገር፣ አሁን አስቸገረው፤ አንድ እፍኝ ዶቃ ያለ ክር እንደተሰጠው ሰው ሆነ። ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። በሁለተኛው ይጀምርና ሳያውቀው፣ መሐል ላይ ሲደርስ፣ የሚሄደው በሦስተኛው አረማመድ ይሆናል። ይመለሳል። እንደገና ይጀምራል። እንደገና እዚያው። ደባለቅሁ አለ፤ እውነትም ደባልቆ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ግራ ጆሮው ወፍጮውንም ይዞ ጭልጥ ብሎ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ስንዱ ምሳውን ይዛለት መጣች። ስንዱ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ናት፤ ቀኑን ሙሉ የበሽተኛ ስም ስትጣራ ስለምትውል ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፣ ቤት ውስጥ እንኳ ሰው የጠፋ ይመስል ትጣራለች። ያን ቀን ግን አልተጣራችም። ሰሐኑን ይዛ ደረጃው ሥር ቆመች። ትዕዛዙ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አንድ ያረጀ የእጅ ሰዓት ላይ አጎንብሷል። ቀና ሲል አያት።

«መቼ መጣሽ?»

«ቆየሁ። ስታንጎራጉር ላቋርጥህ ብዬ ተውኩት።»

«እኔ? ዝም ብዬ እየሠራሁ።»

«ዝም ብለህ?» ስንዱ ወደ ላይ፣ ወደ ደረጃው ጠቆመች። ሁለት ሴቶች በረንዳው ላይ ተደግፈው ይስቃሉ። «ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰዓት ስትሠራ ታንጎራጉራለህ። በፊት በአፍንጫህ ነበር። ጆሮህ ከደከመ ወዲህ ደግሞ ፎቅ ድረስ ነው የምትሰማው።»

ትዕዛዙ አላመነም። እኔ ሳላውቀው ከእኔ አፍ ድምፅ ይወጣል ማለት ምንድን ነው? ምን እያልኩ ነበር ብሎ ጠየቃት።

«ያንን ጠብታህን መሰለኝ። ግን ከጠብታው ጋር አይገጥምም፤ ከሥሩ ከሥሩ ነው የምትሄደው።» ሰሐኑን ሰጠችውና በቀልድ ጨመረችበት። «መሪጌታ ጎሹ ቢሰማህ ማን ነው የሚመራው ባለ።»

ትዕዛዙ ሰሐኑን ተቀብሎ ያዘው እንጂ አልከፈተውም። የሆነ ነገር ወደ ልቡ እየመጣ ነበር፣ ግን ቀስ ብሎ፣ እንደ እርሱው። ሰሐኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ ሱቁን ጠብቂልኝ አላት፣ ማጉያውን ከዓይኑ ሳይነቅል መንገዱን ተሻገረ።

ሸምሲያ አንድ ዓይኑ ወጥቶ የቀረ ሰው መስሏት ደነገጠች። ያንን ሦስተኛውን ሲቀዱ ከተጫዋቹ ጋር ክፍሉ ውስጥ የነበረው መምህር ማን እንደሆነ እንድታይለት ለመናት። ስልኳ ላይ ብዙ አነበበች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ አንዳንዱን ሁለቴ። ከዚያ ነገረችው። መምህር አልነበረም። ሰው አልነበረም። ተጫዋቹ በሩን ዘግቶ ብቻውን ነው የተቀዳው፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ነበር፣ እጁ ቁራጩን ከያዘው አርባ ዓመት አልፎታል። የሚያንጎራጉረው ራሱ ነው። ቀጂዎቹ ዝም በልልን ብለው ለምነውታል፣ እሺ ብሎ ይጀምርና ይረሳዋል፤ በመጨረሻ ተዉት።

«የሚያንጎራጉረው ጣቶቹ የሚጫወቱትን ነው?» አለ ትዕዛዙ።

«የለም ይላል ጽሑፉ። ጣቶቹ የማይጫወቱትን ነው። ያልተጻፈ ነው ይላል።» ሸምሲያ ቀና ብላ አየችው። «አያ ትዕዛዙ፣ ምነው? ምን ሆኑ?»

አሁን ነገራት። ጆሮውን፣ ወራቱን፣ አንድ ብቻ የመያዙን ነገር፣ የጠፋውን ኅዳር። ሸምሲያ ዛሬ አልቀለደችም። ትልቁን ማዳመጫዋን አምጥታ ራሱ ላይ አጠለቀችለት፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አድርጋ ሦስተኛውን ለቀቀችው። ፒያኖው በቀኝ ጆሮው ገባ። ትዕዛዙ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ከፒያኖው ሥር ባዶ ነበር።

«አሁን እያንጎራጎረ ነው?»

ሸምሲያ አንዱን ጎን ከጆሮው ገለጥ አድርጋ አዳመጠች። «አዎ። በደንብ ይሰማል እኮ።»

ወፍራሙ ይቀድማል ብላው ነበር ሐኪሟ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ለጎሹ ደወለለት፤ ስንዱ ናት በስልኩ እየሰማች የምትነግረው። ጎሹ ነገሩን ሁለቴ አስደግሞ ሰማ። ከዚያ ሊቅ ሆኖ ራሱን በራሱ የሚመራ አላየሁም አለ። ምን ልያዝ ታዲያ ብሎ ቢያስጠይቀው፣ «እኔ የማውቀውን ቤት ነው የምፈርድ። የዚህ ቤት በሩ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ ምነው እኔን አመነኝ?» አለ። ስንዱ ይህን እንዳለ አቀበለችው፣ ሳታለዝብ።

ትዕዛዙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛውን ሲሶ ይዞታል። ቢቀጥል ምናልባት ይጨርሰው ይሆናል። ሦስተኛውን እንደገና ቢጀምር ሁለተኛውን መርሳት አለበት፤ መርሳት ደግሞ ከመያዝ ይከብዳል፣ ቀኙም አይጠብቀውም። ይሁን እንጂ አሥሩን ጣት በአንድ ጉሮሮ መያዝ እንደሚቻል ያሳየው ያ ሽማግሌ ብቻ ነው። ክሩ እርሱ ጋ ነበር። ክር ያለበትን ጥሎ ዶቃ ሲለቅም ከረመ፤ አሁን ደግሞ ክሩ የማይሰማው ሆነ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየው ነገር መጣበት።

«ስንዱ፣ አንቺ ይሰማሻል?»

«ምኑ?»

አንዱን ማዳመጫ በቀኝ ጆሮው፣ ሌላውን በእርሷ ጆሮ ሰካ። ሦስተኛውን ከፈተ። ሰውዬው ሲያንጎራጉር ክንዴን ያዢ አላት። ስንዱ ራስዋን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፤ ቆየችና ክንዱን ጨበጠች። ለቀቀች። እንደገና ጨበጠች። ትዕዛዙ ሰውዬው የት እንዳለ አወቀ፣ የሚለውን ግን አላወቀም። ስንዱም ይህ ያልበቃው መሆኑን ከፊቱ አየች። ማዳመጫውን ነቀለችለት፤ ማኅበር ላይ እንኳ ዘምሪ ሲሏት ነጠላዋን አፏ ላይ የምታደርግ ሴት፣ በቀኝ ጆሮው ሥር ተጠግታ፣ የራሷን ማዳመጫ እየሰማች፣ ሰውዬው የሚለውን በአፍንጫዋ አለችው።

የሴት ድምፅ ነው፣ ቀጭን። ገባ።

ትዕዛዙ አልተንቀሳቀሰም። ስትል አንድ እርምጃ ዘግይቶ ተከተላት፤ ስታቆም አቆመ። እስከ ምሳ ሰዓት የመጀመሪያዋን ደቂቃ ያዙ። ስንዱ መሐል ላይ ወጡ እንዳያር ተነሥታ ሄዳ መጣች፤ ስትመለስ ያቆሙበትን ረስታ ሌላ ቦታ ጀመረችና ተከራከሩ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ያለችው ነገር ትዕዛዙን አጠራጠረው። ከልጅነቱ የሚያውቀው፣ ጎረቤት ለሙሽራ የሚሉት ዘፈን መሰለው።

«እዚህ ላይ እንዲህ ነው የሚለው ሰውዬው?»

ስንዱ ጥቂት አሰበች። «እኔንጃ። እዚህ ጋ ዝም ይላል መሰለኝ። ዝም ሲልብኝ እኔ ነኝ የሞላሁት። ላውጣው?»

የማን ቤት ነው ታዲያ ይህ? የጀርመናዊው ነው፣ የሽማግሌው ነው፣ ወይስ የሚስቱ? የኔታ አትደባልቁ ብለው ነበር። ጎሹም አትደባልቅ ብሎ ነበር። ትዕዛዙ ቀኝ ጆሮውን ወደ ሚስቱ አቀረበ፤ ሃያ ስምንት ዓመት አንቺ ሲላት የኖረውን ትቶ፣ እጁን እንደ ተማሪ ደረቱ ላይ አጣምሮ፣

«ይድገሙልኝ» አላት።